ሽቦ ጉማ አይከፍልም

የሮቢቷ ሀስና ገመድ ስትገምድ ያያት ሰው እጇን አይረሳም። ቃጫውን ጭኗ ላይ አሽከርክራ፣ ጫፉን በጥርሷ ነክሳ፣ ሁለቱን ክር አንድ ላይ ስታጠማዝዝ የክንዷ ጅማት ራሱ ገመድ ይመስላል። ከሮቢት እስከ ዋጃ ግመል የሚነዳ ሁሉ ያውቃታል። «የሀስና ገመድ ግመሉን ይጥላል እንጂ አይበጠስም» ይሏታል። እሷ ግን ሲያመሰግኗት ቀና ብላ አታይም። ገመድ ያስተማራት ደም ነው።

ደም ያላየችበት ዕድሜ የላትም። ልጅ ሳለች አጎቷ በውሃ ተራ ጠብ ጉድጓድ አፍ ላይ ተወግቶ ሲወድቅ አይታለች። የዚያን ለት የተቀዳውን ውሃ ጠጡት፤ ምን ይደረግ፣ ሌላ ውሃ አልነበረም። አደገች፣ ለጀሚል ተዳረች፣ ሸረፈዲንን ወለደች። ልጁ ጡት ሳይጥል ጀሚልን ቆቦ ገበያ መሀል በጩቤ ገደሉት። ምክንያቱ የማሳ ድንበር ነበር፤ በሬ አንዴ ዞሮ የማይቆምባት ቁራሽ። ሀስና ልጇን እንዳዘለች ደረሰች። ደሙ ከፈሰሰው ማሽላ ጋር ተለውሶ ዶሮ ይለቅመው ነበር። እስከ ዛሬ ዶሮ አትበላም።

በዚያ አገር ሟች ወንድ ልጅ ከተወ እናትየዋ ደም የነካውን ልብስ ታስቀምጥለታለች። ሲጎረምስ ታወጣለታለች፤ የቀረውን ልብሱ ይነግረዋል። ሀስና ግን የጀሚልን ጋቢ ጎሊና ወንዝ ወርዳ አጠበችው። እያለቀሰች፣ በድንጋይ እየወገረች፣ ነጭ እስኪሆን አጠበችው። ከዚያ ዘወልድ የሚባለው የአገሩ ሸንጎ ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲቀመጡ «እሺ» አለች። ዘወልድ ሲፈርድ ገዳይ እጁ በገመድ ታስሮ ይመጣል፤ «ገድያለሁ» ይላል፤ ከሟች ወገን አንዱ የገመዱን ጫፍ ይይዛል። ጫፉ ከተያዘ ደሙ ደረቀ። ጉማው፣ የደም ካሳው ማለት ነው፣ ይከፈላል፤ ያንን ሰው ከዚያ በኋላ የነካ ከሰው አይቆጠርም። ከጀሚል ቤት የደረሰ ወንድ ስላልነበረ ጫፉን የያዘችው እሷው ናት። የባሏን ገዳይ በእጇ ይዛ ቆመች። ገመዱ ልል ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢስበው የሚፈታ። «አላህ ሆይ፣ ይህንን እንኳ በወጉ የሚገምድ ጠፋ?» አለች በሆዷ።

ሴቶቹ አልማሯትም። ወፍጮ ቤት ስትገባ «ባሏን በገመድ የለወጠች መጣች» ይላሉ። እሷም ቃጫ ገዝታ ገመድ መግመድ ጀመረች። በዚያው ልጇን አሳደገች።

ሸረፈዲን ረዥም፣ ሳቂታ፣ ጠብ የማያውቅ ጎልማሳ ሆነ። ጠመንጃ ግን ነበረው፤ ማን የሌለው አለ? ጦርነቱ ሲመጣና ሲመለስ በየጉድባው የተወው ብረት በየቤቱ ገብቷል። ሸረፈዲን የሚተኩሰው ሠርግ ላይ ብቻ ነው።

ባቡሩ የመጣው እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ነው። የሩቅ መንገደኛ ባቡር አይደለም፤ ጠዋት ተማሪውን፣ ነጋዴውንና የቢሮ ሠራተኛውን ከሮቢት ቆቦ አድርሶ ማታ የሚመልስ፣ ኋላም ዋጃ ድረስ የሚቀጥል አጭር ባቡር ነው። ከሮቢት እስከ ቆቦ ምሰሶ ተተከለ፣ ከላይ ሽቦ ተዘረጋ። ባቡሩ ራሱ ሳይመጣ ለሙከራ በሽቦው ኃይል ተለቀቀ። ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው በየሰፈሩ «ምሰሶ እንዳትወጡ! ሽቦ እንዳትነኩ!» እያሉ ዞሩ። ስለ ጥይት ማንም ያነሳ የለም። የባቡሩ ሰዎች የአገሩን ሠርግ ከየት ያውቁታል?

የአገሩ ሰው ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ ነበረው። ዓምና ዋጃ አጠገብ ሙሽራ ስትወጣ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ አንዲት እርጉዝ ሴት ደጃፏ ላይ መታት። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ወሰኑ፤ «ከእንግዲህ ተኳሽ ፊቱን ከቤት አዙሮ ባዶውን ሜዳ ይይ።» ሁሉም ተስማማ። ባዶው ሜዳ ግን ባዶ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ባቡሩ የሚያልፈው በዚያው ነው።

በጥር አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ስትወጣ ሸረፈዲን እንደታዘዘው ከቤቶቹ ፊቱን አዞረና ተኮሰ። እልልታው ስላየለ ከሩቅ የተሰበረውን ሲኒ ማንም አልሰማ። ሲኒ የሚሉት ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየውን ሸክላ ነው። ሲኒው ሲፈነዳ ሽቦው ወረደ፤ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ስለቀረ ኃይሉ አልጠፋም። በድረዲን የተባለ ባለ ግመል የማሽላ አገዳ ጭኖ በዚያ ሲያቋርጥ የፊተኛዋን ግመል ጭነት ሽቦው ነካው። ግመሏ ቆማ ነደደች። በድረዲን «ያ አላህ!» ብሎ ሊያድናት አንገቷን አቀፈ። ሲደርሱ ግመሏንና ሰውየውን መለየት አስቸጋሪ ነበር። በእጁ የቀረው የተቃጠለ የገመድ ቁራጭ ብቻ ነው። ገመዱ የሀስና ነበር።

ወሬው ሮቢት ከመድረሱ ስድቡ ደረሰ፤ «ገመዱም የሀስና፣ ጥይቱም የሀስና!»

የበድረዲን ወንድም ኢብሮ ይባላል። አጭር፣ ጥቁር፣ ቃሉን የማይመልስ ሰው ነው። ቀብሩ ላይ አላለቀሰም። «ወንድሜን የሸረፈዲን ጥይት ገደለው። ደሜን እወስዳለሁ» ብሎ አፈሩን ከእጁ አራገፈ። ሸረፈዲን ቆቦ ሄዶ የዘወልዱ ታላቅ ከሆኑት ከሼህ ዒምራን ቤት ተጠጋ። ከእሳቸው አጥር ውስጥ ያለን ሰው ማንም አይነካም፤ ከአጥሩ ከወጣ ግን የኢብሮ ነው።

ሀስና በማግስቱ እሳቸው ዘንድ ደረሰች።

«ሼህ፣ ልጄ ሰው አልገደለም። ሰማይ ነው የተኮሰ። የገደለው ሽቦው ነው!»

«ሽቦው?»

«ታዲያስ! ያ ሽቦ ባይኖር በድሬ ዛሬ ቤቱ አልነበር? ሰው በግመል በሚያልፍበት አገር እሳት ከላይ የሰቀሉ እነሱ ናቸው።»

ሼሁ ጢማቸውን ዳሰሱ። ኢብሮን ደግሞ ለብቻው ሲያነጋግሩት የእሱም ነገር ቀጥተኛ ነበር። «ሽቦው ተሰቅሎ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ነው። ማን ነካው? እሷ የወለደችው።»

ሽማግሌዎቹ ተጨቃጨቁ፤ ገሚሱ ለጥይቱ፣ ገሚሱ ለሽቦው ፈረደ። በመጨረሻ ሼህ ዒምራን አንድ ነገር አመጡ። የባቡሩ ሰዎች ከቆቦ ወደ ዋጃ የሚቀጥለው መስመር በምን ዓይነት ኃይል ይሂድ የሚለውን ለሕዝብ ሊነግሩ ቆቦ አዳራሽ ስብሰባ ጠርተዋል። «ሽቦውን ከቀጠሉበት ሽቦው ንጹሕ ነው፤ ደሙ በሸረፈዲን ላይ ነው። ሽቦውን ከተዉት ግን እነሱው ጥፋቱን አምነዋል፤ ደሙ የሽቦው ነው። እስከዚያ ማንም ማንንም እንዳይነካ።» ሁለቱም ወገን ማለ።

ኋላ ላይ ሼሁ በዚህ ብልሃታቸው ስንቴ እንደተፀፀቱ አላህ ይወቀው።

ስብሰባው በገበያ ቀን ዋለ። ሀስና የምትሸጠውን ገመድ ትከሻዋ ላይ እንደጠቀለለች ገባች። ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ደጃፉ ላይ ደገፉ፤ በሩ የማገዶ ክምር መሰለ። መድረኩ ላይ ደመቀች የምትባል ኢንጂነር ቆማለች፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ጨዋ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት። ስለ ደሙ የነገራት የለም።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ሦስት መንገድ አለን» ብላ ጀመረች። «አንደኛው አሁን የምታዩት ነው፤ ሽቦው ከላይ ይዘረጋል፣ ባቡሩ ጀርባው ላይ ባለች ክንድ እየነካው ይሄዳል። ኃይሉ ሃያ አምስት ሺህ ቮልት ነው፤ ብርቱ ስለሆነ አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ሩቅ ያዳርሳል። ሁለተኛው ከላይ ሽቦ የለውም፤ ከሐዲዱ ጎን ሦስተኛ ሐዲድ መሬት ላይ ይነጠፍና ኃይሉ በዚያ ይመጣል። ሦስተኛው ባትሪ ነው፤ ባቡሩ ጣቢያ ቆሞ ይሞላል፣ የሞላውን ይዞ ይሄዳል።»

ከኋላ አንድ ገበሬ ተነሳ። «መሬት ላይ ያለውን ከብት ቢረግጠውስ?»

«ይሞታል፤ ስለዚህ ዳር እስከ ዳር አጥር ያስፈልገዋል።»

«ሰውስ?»

«ሰውም…»

«ጎሊና ሞልታ ሜዳው ሁሉ ውሃ ሲሆንስ?»

ደመቀች ወረቀቷን ገለበጠች።

«አይ ኢንጂነር! ባቡር መስሎን እኮ ነው፣ ቄራ ነው ያመጣሽልን!» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሀስና እንኳ ልትስቅ ስትል ኢብሮን አየችና አፏን ያዘች።

ኢብሮ ተነስቷል። «ሽቦው ይቀጥል!» አለ። «ሽቦው ምን አጠፋ? ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፣ ሰው አይናገር፣ ድንበር አይገፋ። እንደ ሽቦ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል?»

ወንድሙን ያከሰለውን ነገር እንዲህ ሲያወድስ ደመቀች ግራ ገባት። ሀስና ብድግ አለች። «ይነቀል! እንደ እባብ ተንጠልጥሎ የሰው ልጅ የሚበላ! እኛ ግመላችን ረዥም፣ ጭነታችን ረዥም፤ ለእኛ አገር አልተፈጠረም!»

«ልጅሽስ ለማን አገር ተፈጠረ?» አላት ኢብሮ።

«ልጄን በአፍህ አታንሳ!»

«በአፌ ካላነሳሁት በምን ላንሳው? በጥይት?»

ግማሹ ሰው ተነሳ፤ ወንበር ተገለበጠ። አንዱ የኢብሮ ዘመድ የሀስናን የአክስት ልጅ በዱላ ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈበት፤ ደሙ የሀስና ሻሽ ላይ ተረጨ። ሼህ ዒምራን በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ሁሉንም አስቀመጡና ወደ መድረኩ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። ሽቦውን ከቀጠላችሁበት አንድ ሰው ይገደላል፤ ከተዋችሁት ይተርፋል። እንዲህ ተማምለናል።»

ደመቀች ወደ መድረኩ ጠርዝ ቀረበች። «ሼህ፣ እኔ የመጣሁት ባቡሩ በምን ይሂድ ልል ነው። ማን ገደለ ልል አይደለም።»

«አውቃለሁ። እዚህ ግን ሁለቱ ጥያቄ አንድ ቤት አድረዋል። የወሰናችሁትን ንገሪንና ይለይ።»

የያዘችውን ወረቀት አየች፤ ከመምጣቷ በፊት የተወሰነ ነበር። «ከቆቦ እስከ ዋጃ በባትሪ ይሄዳል» አለች ቀስ ብላ። «መንገዱ አጭር ነው፣ ሜዳ ነው፣ የግመል መተላለፊያው ብዙ ነው። ሽቦው ቆቦ ላይ ያበቃል። ይህ ማለት ግን ሽቦው ገደለ ማለት…»

የቀረውን የሰማት የለም። ሀስና እልልታዋን አቀለጠችው። ከአንጀቷ ነው የወጣው፤ ከጀሚል ሞት ወዲህ እልል ብላ አታውቅም። ሌሎች ሴቶች ተቀበሏት።

ኢብሮ በወንድሙ ደም ላይ እልል ሲባል ቆሞ ሰማ፣ ከዚያ ወጣ።

ሼህ ዒምራን ግን ፊታቸው ጠቁሯል። «ሀስና፣ እልልታሽን ዋጪው» አሉ።

«ምነው ሼህ? ልጄ ተረፈ እኮ!»

«ሽቦ ጉማ አይከፍልም። ሽቦ ታስሮ አይመጣም፣ ‹ገድያለሁ› አይልም። ባልሽ በሞተ ጊዜ አንቺ የገመድ ጫፍ ይዘሽ ተነፈስሽ። ኢብሮ የማንን ጫፍ ይይዛል? እኔ ሞኝ ሽማግሌ፣ ደሙን ባለቤት አሳጣሁት። ባለቤት ያጣ ደም ያገኘውን ነው የሚበላው።»

በዚያው ቅጽበት ከባቡሩ ጣቢያ በኩል ጥይት ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ደጃፉ ላይ ካለው ክምር የኢብሮ ጠመንጃ የለም።

ሮጠው የወጡት ሰዎች ጉዱን አዩ። ኢብሮ ሐዲዱ መሀል ቆሞ ሲኒውን በየተራ እየመታ ይሄዳል። ሸክላው እንደ በረዶ ይረግፋል፤ ሽቦው እያፏጨ ይወርዳል። «የወንድሜ ገዳይ ይህ ነው ተብያለሁ!» እያለ ይጮሃል። «ሽማግሌ ፈርዶልኛል! ደሜን ልውሰድ!» አንድ የጣቢያው ዘበኛ «ብረትህን ጣል!» ብሎ ሲቀርበው ትከሻውን በጥይት በጠሰው። ሌሎቹ ዘበኞች መተኮስ ጀመሩ። ኢብሮ ጭኑን ተመትቶ ከአንድ የአፈር ክምር ጀርባ ወደቀ፤ ወድቆም ይተኩሳል።

ሀስና ወደዚያ አልሮጠችም። ወደ ሼህ ዒምራን ቤት ነው የሮጠችው። ኢብሮ እዚያ ከሞተ ወንድሞቹ ከሽቦው ጋር አይሟገቱም፤ እልል ያለችው ሴት የወለደችውን ነው የሚፈልጉት። ልጇን ብቻ ነው ያሰበችው። ወይም ኢብሮንም አስባው ይሆናል፤ ማን ያውቃል።

ሸረፈዲን አጥሩ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። «እማ! ሽቦው ነው ተባለ አሉ! አልሀምዱሊላህ!»

«እጅህን አምጣ።»

«ምን ሆነሻል?»

«እጅህን አምጣ አልኩህ!» ገመዱን ከትከሻዋ አወረደች።

አየውና ወደ ኋላ አለ። «ልታሳርጂኝ ነው? እማ፣ ሆን ብዬ እኮ አይደለም! ፊታችሁን ወደ ሜዳ አዙሩ ያሉት እነሱ ናቸው!»

«አውቃለሁ። አላህም ያውቃል። ኢብሮ ግን የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።»

«አልሄድም!»

በጥፊ አጮለችው። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እጇን አንስታበት አታውቅም፤ ከጥፊው ይልቅ ይኸው ሰበረው። እንደ ልጅ እያለቀሰ ሁለት እጁን ዘረጋላት። አሰረችው። ያ የድሮው ልል ገመድ ትዝ ብሏት አጥብቃ ቋጠረችው።

ጣቢያው ሲደርሱ ደመቀች ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትጮሃለች፤ «ኃይሉ ተዘግቷል? አረጋግጡልኝ!» ሀስናን ስታይ እጇን ዘረጋች። «እናቴ፣ ቁሚ! ሽቦው መሬት ላይ ነው፣ መጥፋቱን አላወቅንም!»

ሽቦው በእሷና በኢብሮ መሀል ተጋድሟል። ወዲያ ማዶ ኢብሮ ጥይቱን እየቆጠበ ይተኩሳል፤ ሼህ ዒምራን ነጭ ሻላቸውን እያውለበለቡ «አቁሙ! ሴት አለች!» እያሉ ዘበኞቹን ይለምናሉ። ሀስና ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰበሰበች፣ «ቢስሚላህ» አለችና ሽቦውን ተራመደችው። ምንም አልሆነችም። ገመዱን ሳበችው፤ ልጇም ዓይኑን ጨፍኖ ተሻገረ።

ተኩሱ ቆመ።

ኢብሮ የጭኑ ደም ሱሪውን አጣብቆታል። አፈሙዙን ወደ እሷ አዞረ። «ምን ልታደርጊ መጣሽ? እልልታሽ አልበቃሽም?»

«ገዳይህን ይዤልህ መጣሁ» አለች። «ወንድምህን ሽቦ አልገደለውም። የወለድኩት ነው የገደለው። ሽቦው ነው ስል የዋሸሁት ልጄን ሳስቼ ነው።» ከዚያ ገመዱን ጎተተችው። «ተናገር!»

«ገድያለሁ» አለ ሸረፈዲን። «በድረዲንን ገድያለሁ።»

ኢብሮ በጠመንጃው ተመርኩዞ ተነሳ። አፈሙዙን ሸረፈዲን ግንባር ላይ ተከለ። ሀስና አልጮኸችም። ብትጮህ ጣቱ እንደሚስብ አወቀች። ኢብሮ ድንገት ጠመንጃውን ገለበጠና በሰደፉ መንጋጋውን አለው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ፤ ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ጠጠሩ ላይ ወደቀ። ደገመው፤ የአንገቱን ስር አጥንት ሰበረው። ሸረፈዲን በጉልበቱ ተደፋ። ሀስና የገመዱን ጫፍ እንደያዘች ቆማለች። ልጇ ሲመታ በገመዱ በኩል እጇ ድረስ ይመጣል፤ እየመጣ ልቧ ውስጥ ይገባል። አልለቀቀችም።

ኢብሮ ለሦስተኛ ጊዜ አነሳው። ሲያነሳ ገመዱን አየው።

«የራስሽ ነው?»

«የራሴ ነው።»

«በድሬ እጅ ላይ የቀረው ያንቺ ነበር።»

«ሰምቻለሁ።»

«አይበጠስም ይሉታል» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰበረ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ያላለቀሰው ሰው ጠመንጃው ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ግመል አገሳ።

ሀስና ጫፉን ዘረጋችለት። ኢብሮ አየው። ከዚያ በደም የተለወሰ እጁን ሰደደና ያዘው፤ አንዴ መዳፉ ላይ ጠቀለለው። ሼህ ዒምራን ከኋላ «አላሁ አክበር» ሲሉ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተቀበሏቸው። ዘበኞቹ ኢብሮን ሊይዙ ሲጠጉ ሼሁ በከዘራቸው አገዷቸው። «ትይዙታላችሁ፤ መጀመሪያ ግን ጫፉን እንደያዘ ከሜዳው ይውጣ።»

ኢብሮ እያነከሰ፣ ሸረፈዲን ደም እየተፋ፣ አንዱ አንዱን እየሳበ ወደ መንደሩ ሄዱ። ከዳር የቆመች አንዲት ሴት «አሁን ደግሞ ልጇን በገመድ ለወጠችው» አለች። ሀስና ሰማቻት። መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጭኗን ገለጥ አደረገች፣ ምንም ያልያዘ መዳፏን ቃጫ እንዳለበት ሁሉ ወደፊትና ወደኋላ ታሽከረክር ጀመር።